ምች ነው ያልኩት ቁስል

በሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ መካኒሳ አቦ አካባቢ በስሜ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም። «ባለዳማከሴዋ» ነበርኩ። ጓሮዬ ውስጥ፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ፣ ወገብ የሚደርስ ዳማከሴ ነበረኝ። ምች የመታው ሁሉ የእኔን በር ያንኳኳል። ከንፈሩ ያበጠ፣ ራሱን የሚፈልጠው፣ ፀሐይ ላይ ውሎ የሚያንቀጠቅጠው፣ ሽንኩርት ሲቁላላ ሸትቶት አፉ ዙሪያ ውሃ የቋጠረበት፣ ሁሉም ይመጣል። ለሁሉም አንድ ጭብጥ ቅጠል እቆርጣለሁ። «ጭመቂውና ተቀቢው፣ የቀረውን በቡና ጠጪው፣ ፀሐይ እንዳትወጪ» ብዬ እሸኛለሁ። አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ራሴን የማየው እንደ ግማሽ ሐኪም ነበር። ድንቄም ሐኪም!

ባለቤቴ አናጢ ነው፤ ሥራው ጣራ ማልበስ ነበር። ያኔ ላፍቶና ለቡ ጤፍ ይዘራባቸው የነበሩ ሜዳዎች ላይ ቤት እንደ አሸን የሚፈላበት ጊዜ ስለነበር፣ ሰውዬው ከጠዋት እስከ ማታ ቆርቆሮ ላይ ነው። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ደግሞ ቆርቆሮው መልሶ የሚረጭበት ፀሐይ። ሁለቱም እጆቹ ሥራ ስለሚይዙ ምስማሩን የሚያስቀምጠው አፉ ውስጥ ነው። ስድስት ሰባት ምስማር የታችኛው ከንፈሩ ላይ ደርድሮ ይውላል፤ አንድ በአንድ እየመዘዘ ይመታል። ምስማር በሌለበት ሰዓት ደግሞ ሲጋራ ነው። ያ ከንፈር አንድ ቀን እንኳ አርፎ አያውቅም።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ክረምት ሳይገባ ጣራዬን አልብስልኝ እያለ በሚሻማበት ሰሞን፣ የታችኛው ከንፈሩ ላይ ወደ ግራ ጠጋ ብላ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቅርፊት ወጣች።

«ምስማር ነው የወጋኝ» አለ።

እኔ ግን አንዴ አየት አድርጌ ፈረድኩ። «የምን ምስማር! ምች ነው። ፀሐይ ላይ ውለህ፣ ላብህ ሳይደርቅ ቁሌት የሚሸት ቤት ዘው እያልክ፣ ምች ያልመታህ ማንን ይምታ?»

ቅጠል ቆርጬ ቀባሁት። ቅርፊቷ በሦስተኛው ቀን ወደቀች። «አላልኩህም?» አልኩ። በሳምንቱ ተመልሳ ወጣች። እንደገና ቀባሁ። ትደርቃለች፣ ትፈርሳለች፣ ትንሽ ደም ታሳያለች፣ ተመልሳ ትደርቃለች። አታመውም። የተሸወድነው እዚህ ላይ ነው። ብታመው ኖሮ ያ ሰው እሪ ብሎ ሐኪም ቤት ይሄድ ነበር፤ ጥርሱን ሲያመው የሚሆነውን አውቃለሁ። ይቺ ግን ዝም ብላ ተቀመጠች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ ለእንዲህ ያለው ነው።

ሰኔ ገባ፣ ክረምቱ አለፈ። የስንዴ ፍሬ የነበረችው ባቄላ አከለች። ጠርዟ ጠንክሯል። እኔ ቅጠሌን እቀባለሁ፤ እሱ ምስማሩን በቀኝ በኩል መያዝ ጀምሯል።

ለምን አልተጠራጠርሽም ለሚለኝ ሰው መልሱ ዘበኛው ነው።

ከእኛ ቤት ወረድ ብሎ ያለውን የእንጨት መሸጫ ግቢ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ከወሎ የመጣ፣ አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ሰላምታ ሲሰጥ ጎንበስ ካለበት ቶሎ የማይነሳ ትሑት ሰው። ሥራው የሌሊት ነውና እንቅልፍ እንዳይጥለው ትንባሆ በጉንጩ ይይዛል። ከገና በኋላ ምላሱ ጎን ላይ ቁስል ወጥቶበት በየሳምንቱ እኔ ዘንድ መመላለስ ጀመረ። «እትዬ፣ ያቺን ቅጠል ቢያካፍሉኝ…» ይላል፣ ቆቡን አውልቆ። እሰጠዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ «እስቲ አፍህን ክፈት» ብዬ አላየሁትም። ምች አፍ ውስጥም ይገባል ብዬ አምናለሁ፣ አለቀ።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን እንደልማዱ መጣ። ዝናቡ ዘግይቶ ዳማከሴዬ ሳስቷል፣ እኔ ደግሞ የልብስ ክምር ፊት ተቀምጬ እጄ በሳሙና ተልጧል። አፌ እንደሆነ ስለት ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ቁጥቋጦዬን መላጣ አስቀረኸው እኮ! ለሌላው ምን ልስጠው?» አልኩት።

ቀልዴን ነበር። ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ እውነት። እሱም ፈገግ አለና «እውነትዎን ነው እትዬ፣ አበዛሁት» አለ። አንድ ቅንጣቢ ከነግንዱ ቆርጬ ሰጠሁት። አመስግኖ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም።

እኔ ምን አልኩ? «ዳነ!» አልኩ። አምስት ወር ሙሉ ምላሱን ያሰቃየው ቁስል በእኔ ቅጠል ዳነ። በር ላይ ለቆመ ሁሉ አወራሁት። ባለቤቴም «ይቺ ነገር ምነው ቆየች?» ባለኝ ቁጥር፣ «ያ ዘበኛ አምስት ወር ቆይቶ ድኗል፣ አንተ ደግሞ አትቸኩል» እለው ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

መስከረም ላይ ባለቤቴ ከጣራ ሲወርድ ሳንቃ ላይ የቀረ ምስማር ረገጠ። ምስማሩ ጫማውን በስቶ እግሩን ወጋው። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ለመወጋት መንገድ ዳር ወዳለችው ትንሽ ክሊኒክ ሄደ። የተወጋው እግሩን ነው፣ ነርሷ ያየችው ግን ከንፈሩን። መርፌውን ከሰጠችው በኋላ መስኮት አጠገብ አስቀምጣ፣ ጓንት አድርጋ፣ ከንፈሩን ገልብጣ አየች፤ ምላሱን በፋሻ ይዛ ግራ ቀኝ ስባ አየች፤ አገጩ ሥርና አንገቱን በጣቶቿ ዳበሰች። ከዚያ ትልቁ ሆስፒታል እንዲሄድ ወረቀት ጻፈችለት።

ወረቀቱን ሳይ ደሜ ፈላ። «ለምች? ለምች ሆስፒታል? ቅጠሌን ንቃ ነው!» ብዬ በማግስቱ ባለቤቴን አንጠልጥዬ ሄድኩ፤ ልጣላ ነው የሄድኩት፣ ምን እደብቃለሁ።

ነርሷ ልጅ እግር ናት፣ የልጄ እኩያ ብትሆን ነው። ገና ሳልቀመጥ፣ «ሲስተር፣ ይሄ እኮ ምች ነው» አልኳት።

አልተቆጣችም። ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። «ስለ ምች እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ እትዬ» አለች። «እስቲ ይንገሩኝ፣ ምች ከንፈሩን የመታው ሰው በስንት ቀን ይድናል?»

«በሳምንት። ቢበዛ በአሥር ቀን» አልኩ ኮራ ብዬ።

«ከሁለት ሳምንት ያለፈ አይተው ያውቃሉ?»

«ኧረ ወዲያ! ምች ሁለት ሳምንት ምን ይሠራል?»

«የጋሼ ከንፈርስ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

በጣቴ ቆጠርኩ። ከፋሲካ። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ባለቤቴ ወደ መስኮቱ ዞሮ እንዳልሰማ ሆነ፤ ሳቁን እንደያዘ ግን ትከሻው ይናገራል።

እኔ ግን በቀላሉ የምሸነፍ ሴት አይደለሁም። «አንድ ዘበኛ አለ» አልኩ። «አምስት ወር ምላሱ ቆስሎ በእኔ ቅጠል ነው የዳነው!»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ድኖ አይተውታል?»

«መምጣት ተወ።»

«መምጣት መተውና መዳን አንድ ነው እንዴ እትዬ?»

ከዚያ እንደ ታናሽ እህት ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ከንፈር ላይም ሆነ አፍ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል በሐኪም መታየት አለበት፤ ቢያምም ባያምም። ታጥቦ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ እብጠት፣ የጠነከረ ነገር፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚደማ ቦታ፣ ሁሉም ይታያል። ምንም ላይሆን ይችላል፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። በዓይን አይቶ መፍረድ አይቻልም፣ ትንሽ ቆርጦ መመርመር ነው። ቀድሞ ከተገኘ ይድናል። «የጋሼ አንገት ላይ ምንም ያገኘሁት ነገር የለም፤ ይሄ ደህና ነገር ነው። ግን ዛሬ ነገ አትበሉ» አለች። ልንወጣ ስንል ደግሞ፣ «ያንን ዘበኛ ይፈልጉትና ይላኩልኝ፣ እባክዎ» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ።

እሺ ማለት ቀላል ነው። በነጋታው በእንጨት መሸጫው በር ሳልፍ ጠየቅሁ። ሌላ ዘበኛ ነው ያለው፤ «ያኛው ለቆ ሄዷል» አለኝ። ወዴት እንደሄደ፣ የት እንደሚኖር አልጠየቅሁም። የራሴ ጭንቅ በልጦብኝ ነበር። መጠየቅ ግን እችል ነበር፤ የአንድ አረፍተ ነገር ጉዳይ ነበር።

በውይይት ታክሲ ተጨናንቀን ትልቁ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ከቁስሉ ቅንጣት ታህል ቆርጦ ወሰደ፣ ውጤቱን ጠብቁ ተባልን። ሰው መጠበቅን አያውቅም እስኪጠብቅ ድረስ። ፈራሁ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። አምስት ወር እኔ ነኝ «ምች ነው» ያልኩት፣ እኔ ነኝ ከሐኪም ያስቀረሁት። ያ ሰው ቢሞትብኝ ገዳዩ ሌላ ማን ነው? ይህንን ልነግረው ስሞክር አያስጨርሰኝም። «ከንፈሬን ቢቆርጡት ካንቺ ጋር በምን እጨቃጨቃለሁ? እሱ ነው ያሳሰበኝ» ይላል። እሱም ፈርቷል፤ ሲፈራ ነው የሚቀልደው።

ውጤቱ ካንሰር ነው ተባለ። ሐኪሙ ቃሉን ሳያጣምም ነው የነገረን። ቀጠል አድርጎም፣ «በጊዜ መጥታችኋል። ትንሽ ነው፣ አልተሠራጨም፣ ቆርጠን እናወጣዋለን» አለ። እኔ «ካንሰር» የሚለውን ብቻ ሰምቼ ጆሮዬ ተደፍኖ ነበር፤ የቀረውን ባለቤቴ ነው ውጭ ላይ የደገመልኝ።

አናጢ አይደል፣ የተሠራለትን ሥራ በራሱ ቋንቋ ነው ያስረዳኝ። «እንደ ሽብልቅ አድርጎ ቆርጦ አወጣና ግራና ቀኙን ገጣጠመው። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፣ እጁ ጎበዝ ነው» አለኝ፣ ፋሻው እንደተለጠፈ፣ ቃላቱን እያኮላተፈ። አሥር ቀን አጥሚት በኩባያ ጠጣ። ከንፈሩ ትንሽ አጥሮ ቀረ፤ ሲስቅ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚስቀው። ሲጋራውን አቆመ፤ ያንን ወር ፊቱን ማየት አይቻልም ነበር፣ ድመቷ እንኳ ትሸሸው ነበር። ምስማሩን በቲማቲም ጣሳ አድርጎ ወገቡ ላይ ማሰር ጀመረ፣ ባለ ሰፊ ክንፍ ባርኔጣም ገዛሁለት። ሠራተኞቹ «ፈረንጅ» ብለው ሳቁበት። ይሳቁ! እኔ ሰውዬውን ይዤ ተመልሻለሁ። እሰይ ነው የምለው።

ኅዳር ላይ ስፌቱን ለማሳየት ተመልሰን ሄድን። ወረፋ ላይ ነን። ከፊታችን ባለው አግዳሚ ወንበር አንድ ሰው ተቀምጧል፣ አፉን በፎጣ ሸፍኖ፤ ጎኑ አንዲት ቀጭን ሴት አለች። ሰውዬው እኔን ሲያይ ተነሳ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ፣ ቶሎም አልተነሳም። በዚያ ነው ያወቅሁት እንጂ በመልኩስ አላውቀውም ነበር። ከስቷል። አንገቱ በአንድ በኩል የእንቁላል ያህል አብጧል።

«አንተ! ድነህ አልነበረም እንዴ?» አልኩት። ከአፌ የወጣው ይሄ ነው።

ፎጣውን ከአፉ ትንሽ ራቅ አድርጎ አንድ ነገር ተናገረ። አልገባኝም፣ ቃሉ አይወጣለትም። ደገመልኝ። አሁንም አልገባኝም። ሚስቱ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ቁጥቋጦው አገገመ ወይ ነው የሚልዎት» አለችኝ።

ባለቤቴ ነው ክንዴን ይዞ ያስቀመጠኝ። ሰው ሲጸጸት «ምላሴን በቆረጠው» ይላል፤ እኔም እል ነበር። የእሱን አፍ ካየሁ ወዲህ ግን ያንን ቃል ተናግሬው አላውቅም። «አገገመ» አልኩት፤ «ጥሩ አድርጎ አገገመ።» ደስ አለው፣ በዓይኑ ነው ያየሁት። ሐኪሙ ዘንድ ገብተው ሲወጡ ሚስቱ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ነበር። ዘግይታችኋል ነው የተባሉት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሬን ለሚያንኳኳ ሁሉ ቅጠል ከመቁረጤ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ «ስንት ቀንህ ነው?» ሁለት ሳምንት ያለፈውን አንድ ቅጠል አልሰጠውም። ብርሃን ወዳለበት አዙሬ አፉን አስከፍታለሁ፣ ከዚያ ወደዚያች ነርስ። አንዳንዱ ይቆጣል፤ «ባለዳማከሴዋ ሰሰተች» የሚለኝም አለ። አንድ ሁለቱን ራሴ ክንዳቸውን ይዤ ወስጃለሁ። ነርሷም ሳቅ ብላ፣ «ዛሬ ደግሞ ማንን ያዙ እትዬ?» ትለኛለች። ባለቤቴንም በየወሩ ከንፈሩን አስገልብጬ አያለሁ፤ «እንደ ገበያ በሬ ጥርሴን አትቁጠሪ» እያለ ያጉረመርማል።

ዘበኛው ጥምቀት ሳይደርስ ሞተ። ልቅሶ የሄድነው ባለቤቴና እኔ ነን። ቤታቸው ላፍቶ፣ ከእርሻው ጠርዝ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ከእኛ በእግር ግማሽ ሰዓት እንኳ አትሞላም። ሚስቱ ከሴቶቹ መሀል ተነስታ አቀፈችኝ። «ሁልጊዜ ያነሳዎት ነበር» አለችኝ። «ሳይሰስቱ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው ይል ነበር።»

መልሼ አቀፍኳት።

ስንወጣ እስከ በሩ ሸኘችን። ከበሩ ጎን፣ እሾህ አጥር ተሠርቶለት፣ ደረቴ ድረስ የሚደርስ ተክል ቆሟል። ምን እንደሆነ ወዲያው አልለየሁትም።

«የእርስዎው ነው» አለች። «ያቺን መጨረሻ የሰጡትን ቅንጣቢ ተከላት። ዳግመኛ እንዳላስቸግራቸው ብሎ። ጠዋት ማታ ውሃ ሲያጠጣ አይተውት ቢሆን! እስከ መጨረሻው ቀን እሱን እየቀጠፈ ነው ያኘከው።»

ጠጋ ብዬ አየሁት። ከሥሩ እስከ ጫፉ እንጨት ብቻ ነበር፤ አንድ ቅጠል አልቀረበትም።